ድልድይ፣ ቦይ፣ የእጅ ጋሪ፦ የምርጫ ንግግርን ዘይቤ ደረጃ በደረጃ ፈትቶ ማየት

ፖለቲከኛ መድረክ ላይ ወጥቶ «የበጀት ጉድለቱን በአራት ዓመት ውስጥ በግማሽ እቀንሳለሁ» ቢል የሚያጨበጭብለት ምናልባት የራሱ አማካሪ ብቻ ነው። «ቤታችን እየፈረሰ ነው፤ ምሰሶውን አብረን እናቆማለን» ሲል ግን አዳራሹ ብድግ ይላል። የመጀመሪያውን መለካት ይቻላል። አራት ዓመት ቆጥሮ «የታለ?» ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ማን ይለካዋል? የትኛው ምሰሶ? ማን አፈረሰው? ቤቱስ የማን ነው?

ይህ መመሪያ እነዚህን ጥያቄዎች ተራ በተራ መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። የምናወራው ትምህርት ቤት ተለዋጭ ዘይቤ ስላልነው ነገር ነው። «እንደ አንበሳ ጀግና ነው» ካልን ተነጻጻሪ፣ «አንበሳ ነው» ካልን ተለዋጭ። ግጥም ውስጥ ጌጥ ሊሆን ይችላል። የምርጫ ንግግር ውስጥ ግን ዋና ሥራው ሌላ ነው፦ ክርክር ሊደረግበት የሚገባውን ነገር ክርክር ሳይደረግበት ማሳለፍ። አድማጩ «መኪናዋ ቦይ ገብታለች» የሚለውን ከተቀበለ፣ ማን ይንዳት የሚለው ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል።

ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ላለው ሰው ሥራው አይከብድም። ልዩነቱ አንድ ነው። ባለቅኔ ወርቁን የሚደብቀው አድማጩ ፈልጎ እንዲያገኘው ነው። የምርጫ ተናጋሪ ግን አድማጩ ባይፈልግ ይመርጣል።

ምሳሌዎቼ በብዛት ከአሜሪካ ናቸው። ንግግሮቹ ሙሉ በሙሉ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ምርጫው እንዴት እንዳለቀም ይታወቃል። በዚያ ላይ ከእኛ ወገን እዚያ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ጥቂት አይደለም። ከኬንያ፣ ከብሪታንያ፣ ከእስራኤልና ከሀገር ቤትም እጨምራለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉን እጃችሁ አስገቡ

ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም። ድምፁ፣ ባንዲራው፣ ጭብጨባው ይዟችሁ ይሄዳል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችና ዕጩዎች ንግግሮች ሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ በነፃ አስቀምጧቸዋል። የአማርኛ ንግግር ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብ እየሰሙ ራስ መጻፍ ግድ ነው። ሙሉውን አትጻፉት። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ተናጋሪዎች ትልቁን ዘይቤያቸውን ወደዚያ ያቆዩታልና።

ምርጫ ካላችሁ ዕጩነት መቀበያ ንግግር ውሰዱ። ቡድን ተሰብስቦ ቃል በቃል የደከመበት ስለሆነ በአጋጣሚ የገባ ነገር ያንሰዋል።

ደረጃ 2፦ ከሌላ ቤት የመጣውን ቃል ሁሉ አስምሩበት

መፈተኛው ቀላል ነው። ቃሉ በቀጥታ ትርጉሙ እዚህ ቦታ ላይ ይሠራል? «ግብር እንቀንሳለን» ቀጥተኛ ነው። «ግብር ከጫንቃችሁ ላይ እናወርዳለን» አይደለም። ጫንቃና ሸክም ከሌላ ቤት መጥተዋል።

ሁለት ቀለም ያዙ። በአንዱ ሕያዋኑን አስምሩ፤ ተናጋሪው ሆን ብሎ እንድናያቸው የሠራቸውን። በሌላው ያረጁትን፤ ሰምተን የማንነቃባቸውን። አብዛኛው ሰው ሕያዋኑን ለቅሞ ይጨርሳል። እኔ ግን ያረጁት ላይ እንድትቆዩ እመክራለሁ፤ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ጆርጅ ቡሽ ልጁ በ2001 ዋይት ሀውስ ሲገባ ሰዎቹ ስለ «ግብር ቅነሳ» ሳይሆን ስለ «የግብር እፎይታ» መናገር አዘወተሩ። የቋንቋ ምሁሩ ጆርጅ ሌኮፍ የነቀሰው ይህንን ነው። እፎይታ ካለ ሕመም አለ። ሕመም ካለ የሚያስታምም ደግ ሰው አለ፤ የሚከለክለው ደግሞ ክፉ ነው። ግብር ትምህርት ቤትና መንገድ የሚሠራበት መዋጮ ነው የሚለው ሐሳብ ገና አፉን ሳይከፍት ተሸነፈ። ይባስ ብሎ ዴሞክራቶቹም ያንኑ ቃል አንስተው ይናገሩ ጀመር። በተቃዋሚያችሁ ቃል ከተከራከራችሁ የተቃዋሚያችሁን ሥዕል እያደሳችሁለት ነው።

ደረጃ 3፦ ምንጩን ለዩ

ያሰመራችሁባቸውን ቃላት በየወገናቸው ሰብስቡ። የምርጫ ንግግር የሚቀዳባቸው ምንጮች ብዙ አይደሉም። መንገድ፣ ጦርነት፣ በሽታና ሐኪም፣ ቤትና ቤተሰብ አብዛኛውን ይይዛሉ። ስፖርትና የአየር ጠባይ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ እነሱን ብታልፏቸው ብዙ አይጎድልባችሁም።

መንገድ ከሁሉም የበዛው ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ሰው «መንገድ ላይ ነን፣ አጋምሰናል» ይላል። ተፎካካሪው «መንገዱ የተሳሳተ ነው» ይላል። አብርሃም ሊንከን በሰኔ 1864፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዕጩ ሆኖ ሳለ ሊጎበኙት ለመጡ ደጋፊዎቹ ወንዝ እየተሻገሩ ፈረስ መቀየር ደግ አይደለም የሚል የአንድ ሽማግሌ ገበሬ አባባል ጠቀሰላቸው። ኅዳር ላይ አሸነፈ። አባባሉም ከሱ በኋላ ለመጡ ባለሥልጣናት ሁሉ ቀረላቸው። እስቲ አስቡት፤ ወንበር ላይ ያለ ሰው ወንዙ መሃል ያልሆነበት ጊዜ አለ? «ወንዙ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላችሁ ጻፉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ጦርነት የሚያመጣውም የታወቀ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ቃለ መሐላ ሲፈጽም የኢኮኖሚ ውድቀቱን የሚያጠቃ ታላቅ የሕዝብ ሠራዊት እመራለሁ አለ። ሊንደን ጆንሰን በምርጫው ዓመት መግቢያ፣ ጥር 8 ቀን 1964፣ በድህነት ላይ ጦርነት አወጀ። ጦርነት ሲባል አንድነት ይጠየቃል፣ ገንዘብ ይፈሳል፣ የሚተች ሰው እንደ ከሃዲ ይታያል። ችግሩ ማለቂያው ላይ ነው። ድህነት እጁን አይሰጥም፤ ፊርማም አይፈርምም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሮናልድ ሬገን ያንኑ ዘይቤ ይዞ ተነሳና ጦርነቱን ያሸነፈው ድህነት ነው እያለ አፌዘ። ጦርነት ብሎ የጀመረ ሰው ድል ወይም ሽንፈት ተብሎ እንደሚጠየቅ ማወቅ አለበት።

ቤተሰብ ደግሞ ጨዋ መስሎ የሚገባ ነው። በ2015 የእስራኤል ምርጫ ቤንያሚን ኔታንያሁ በቅስቀሳ ቪዲዮ ላይ ልጅ ጠባቂ ሆነው መጡ። ባልና ሚስት ወጣ ሊሉ ነው፤ ሞግዚት ይጠብቃሉ፤ በሩን ሲከፍቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቆመዋል። ተፎካካሪዎቻቸው ልጅ የሚታመኑ እንዳልሆኑ እየቀለዱ ይናገራሉ። ያስቃል። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ሳታስታውሱት አትቀሩም። ሥዕሉ ውስጥ ግን ሀገሪቱ ሕፃናት የተኙባት ቤት ናት። ሕፃን ደግሞ ሞግዚቱን ስለ በጀት አይጠይቅም። በመጋቢት ሊኩድ 30 መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ ወጣ።

እኛ ዘንድ «እናት ሀገር» አለች። በጣም ከማርጀቷ የተነሳ ዘይቤ መሆኗን ረስተናል። ደርግ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ሲል የተጠቀመው በዚህ ነው። ለእናት ይሞቱላታል እንጂ ሒሳብ አይተሳሰቧትም። በእናት ስም የሚናገረው ባለሥልጣንም ከሒሳቡ አብሮ ያመልጣል።

ደረጃ 4፦ ሁለት ዓምድ ሥሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ነገር፣ በቀኝ በኩል በእውነተኛው ፖለቲካ ውስጥ የቆመለትን ጻፉ። በባራክ ኦባማ የ2010 ንግግር እናድርገው። ያን ዓመት የኮንግረስ ምርጫ ነበር፤ ኦባማም በየከተማው እየዞረ አንድ ታሪክ ይናገር ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። ሪፐብሊካኖች መኪናዋን ነድተው ቦይ ውስጥ ከተቷት። እኛ ጫማችንን አጥልቀን ወረድን። ጭቃ ነው፣ ይሞቃል፣ ትንኝ ነው። እንገፋለን። እነሱ ዳር ቆመው ስለርፒ (በረዶ የተፈጨበት ጣፋጭ መጠጥ) እየመጠጡ ያዩናል፤ አንዳንዴም እንዴት መግፋት እንዳለብን ይመክሩናል። በመጨረሻ መኪናዋ ወጣች። ተቦጫጭራለች፣ ግን ትሄዳለች። ይኼኔ ትከሻችንን መታ መታ አድርገው «ቁልፉን መልሱልን» ይላሉ። አይሆንም፣ መንዳት አትችሉም! ከዚያ ቀልዱ ይመጣል። አውቶማቲክ መኪና ወደፊት ሲሄድ ማርሹ ዲ ላይ ነው፣ ወደኋላ ሲሄድ አር ላይ። ዲ የዴሞክራት፣ አር የሪፐብሊካን።

አሁን ዓምዶቹን ሙሉ። መኪናዋ ኢኮኖሚው ናት። ቦዩ የ2008ቱ ቀውስ ነው። የመጀመሪያው ሾፌር የቡሽ አስተዳደር። የሚገፉት ኦባማና ዴሞክራቶቹ። ስለርፒ የሚጠጡት የኮንግረስ ሪፐብሊካኖች። ቁልፉ የምክር ቤት አብላጫ ድምፅ።

በቀኝ ዓምድ የጎደለ ሰው ካለ እሱ ላይ ቁሙ። መራጩ የት ነው? ቁልፉን የሚሰጥና የሚነሳ ዳኛ ነው እንበል። ግን መኪናዋ የማን ናት? እሱስ ሲገፋ አልነበረም? ያን ጊዜ የሥራ አጥነቱ ቁጥር ከ9 በመቶ በላይ ነበር። ሥራ የሌለው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ራሱን ሲፈልግ የሚያገኘው መንገድ ዳር ቆሞ ነው፤ ስለርፒ እንኳ የለውም። «መኪናዋ ወጣች» ሲባል ደግሞ ራሱን ያይና «እኔ አልወጣሁም» ይላል።

ጥቅምት ላይ ኦባማ ታሪኩን አራዘመው። ሪፐብሊካኖች አብረውን መሄድ ይችላሉ፣ ግን ኋላ ይቀመጣሉ አለ። ሳቅ አገኘ፤ በማግስቱ ግን ከሌላው ወገን ቁጣ ተነሳ። ዘይቤ ሲረዝም እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ዝርዝር ለተቃዋሚ አዲስ መያዣ ይሰጣል። በኅዳር ምርጫ ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 63 ተጨማሪ መቀመጫ ወሰዱ። መኪናዋ ናት የጣለችው ማለት ሞኝነት ነው፤ ኢኮኖሚው ነው። ግን ቀልዱ ደጋፊውን ያስቀ ያህል ያዘነውን መራጭ አላቀፈውም። ይህ የኔ ንባብ ነው።

ደረጃ 5፦ ሥዕሉ ምን ደበቀ?

እያንዳንዱ ተለዋጭ አንድ ነገር አጉልቶ ሌላ ነገር ይሸፍናል። ለዚህ ከማርጋሬት ታቸር የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። በ1979 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ስትወዳደር፣ ቤት ማስተዳደር ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ሀገር ማስተዳደርንም ለመረዳት ትቀርባለች ትል ነበር። የሀገር በጀት የባለቤቲቱ ቦርሳ ሆነ። ከገቢሽ በላይ አታውጪ፤ አለቀ።

ጉልበቱ ግልጽ ነው። ማንም ይገባዋል። ሴት በመሆኗ የሚነሳባትን ጥርጣሬም ገልብጦ ሙያ አደረገላት። እውነትም አለው፦ የተበደረ መንግሥት እንደማንም ወለድ ይከፍላል።

የተሸፈነውን ደግሞ ቁጠሩ። ቤተሰብ ግብር አይጥልም፤ የራሱን ገንዘብ አያትምም። አርጅቶ የሚሞት ሰው ስለሆነ ዕዳውን መዝጋት አለበት፤ መንግሥት ግን እያደሰ ለትውልዶች ሊበደር ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ወጪ ቢቆጥብ ገቢው አይነካም። መንግሥት በቀውስ ጊዜ ወጪውን በአንድ ጊዜ ሲቆርጥ ግን የሠራተኛው ደመወዝ ይቀራል፣ ባለሱቁ ገበያ ያጣል፣ ግብሩም ይቀንሳል። ቦርሳው ውስጥ ይህ አይታይም። ቁጠባ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን እዚህ መወሰን አይጠበቅባችሁም። ዘይቤው ሊነግራችሁ የማይችለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ይበቃል።

እግረ መንገዴን፣ «ይህ ሁሉ በእርግጥ ሰው ሐሳቡን ያስቀይረዋል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በ2011 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ከተማ ወንጀል ለሰዎች አስነበቡ። ለግማሾቹ ወንጀሉ «አውሬ ነው» ተባለ፣ ለግማሾቹ «ቫይረስ ነው»። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው። «አውሬ» የሚለውን ያነበቡት ወደ ፖሊስና እስር አዘነበሉ፤ «ቫይረስ» የሚለውን ያነበቡት ምንጩን መፈለግና ማኅበራዊ መፍትሔ ወደ ማምጣት። «ምን አሳመናችሁ?» ሲባሉ አብዛኞቹ ያሳዩት ቁጥሩን ነው። ጥናቱ ዝነኛ ሆነ። በ2014 ደግሞ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ደግመው ሞክረው ያንን ውጤት አላገኙም። ስለዚህ «አንድ ቃል አእምሮ ያዞራል» ከሚል ሰው ራቁ። ተደጋግሞ፣ ከሚታመን አፍ ወጥቶ፣ አድማጩ ቀድሞ በሚያምነው ነገር ላይ ሲያርፍ ነው የሚሠራው።

ደረጃ 6፦ ከማን ጓዳ ወጣ?

ዘይቤ የሚሠራው አድማጩ ቤት ያለ ነገር ሲሆን ነው። ሊንከን በሰኔ 1858 በስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ፣ የሴኔት ዕጩነቱን ሲቀበል እርስ በርሱ የተለያየ ቤት ሊቆም አይችልም አለ። ማርቆስ ወንጌል ውስጥ ያለ ነው፤ አድማጩ በቃሉ ያውቀዋል። ግማሹ ባሪያ ግማሹ ነፃ የሆነ ሀገር ሊዘልቅ አይችልም የሚለውን ፖለቲካ በወንጌል ቃል ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ለስቲቨን ዳግላስ ተሸነፈ፤ በ1860 ግን ፕሬዚዳንት ሆነ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አድማጩ መጨረሻውን ያውቃል። ኦባማ በመጋቢት 2007 በሰልማ፣ አላባማ፣ የ1965ቱን የመብት ሰልፈኞች የሙሴ ትውልድ፣ የራሱን ደግሞ የኢያሱ ትውልድ ብሎ ጠራ። «ምረጡኝ» ማለት አላስፈለገውም። ሙሴ እንዳልገባ፣ ኢያሱ እንደገባ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

ኬንያዊው ራይላ ኦዲንጋ በ2017 ያንኑ ታሪክ ያዘ፤ እኔ ኢያሱ ነኝ፣ ወደ ከነዓን አሻግራችኋለሁ። ምርጫውን ፍርድ ቤት ሰረዘው፣ ድጋሚውን ራሱ ትቶት ወጣ፣ ከነዓንም ሳይደረስባት ቀረች። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ሲከሽፍ ክሽፈቱም ለሁሉ ግልጽ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ከነዓን» ለተፎካካሪዎቹ መቀለጃ ሆነች።

ዊልያም ሩቶ በ2022 ከሌላ ጓዳ አወጣ። የፓርቲው ምልክት የእጅ ጋሪ ነበር፤ የግንባታ ሰዎች ካሪዮላ የሚሉት። እኔ እንደናንተ ለፍቶ አዳሪ ነኝ፣ እነሱ የሥርወ መንግሥት ልጆች ናቸው አለ። ሲወዳደር ምክትል ፕሬዚዳንት መሆኑን ልብ በሉ። ጋሪው ያንን ሸፈነለት። «ለተማረ ወጣት ጋሪ ትሰጣላችሁ?» ያሉ ተቺዎች ነበሩ፤ ግን 50.49 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። እኛም በ1997 ዓ.ም. የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት አይተናል። ንብ ታታሪ ናት፣ ማር ትሰጣለች። መናደፏን ለማስታወስ ግን ንብ አርቢ መሆን አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ተቃዋሚው ምን ብሎ መለሰ?

እዚህ ጋ መዝናናት ይቻላል። አንዱ መንገድ ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ መገልበጥ ነው። ሬገን አሜሪካን በተራራ ላይ ያለች የምታበራ ከተማ ይላት ነበር፤ ሥሩ ማቴዎስ ወንጌል ነው። በሐምሌ 1984 የኒው ዮርኩ አገረ ገዢ ማሪዮ ኩሞ በሳን ፍራንሲስኮው የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ከተማዋን አልካደም። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ሌላም ከተማ አለ» የሚል ነበር ሐሳቡ። ከቤተ መንግሥቱ በረንዳ የማይታይ፣ የቤት ብድራቸውን መክፈል ያቃታቸው የሚኖሩበት። ከዚያ የአሜሪካ ሰፋሪዎችን የጋሪ ጉዞ አነሳ፦ ሪፐብሊካኖች ሽማግሌው፣ ሕፃኑና ደካማው መንገድ ላይ ካልተጣሉ ጋሪዎቹ አይደርሱም ይላሉ፣ እኛ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ይዘን እንደርሳለን እንላለን አለ። ሬገን በሚወደው በድንበር አቅኚዎች ታሪክ ሬገንን መታው። ከሰማኋቸው የጉባኤ ንግግሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ውጤቱስ? ኅዳር ላይ ሬገን 49 ግዛቶችን ወሰደ። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ዋልተር ሞንዴል ከራሱ ሚኒሶታና ከዋሽንግተን ዲሲ በቀር አላገኘም። ዘይቤ ብቻውን ምርጫ አያሸንፍም።

ሌላው መንገድ ቀምቶ መሄድ ነው። በነሐሴ 1996 የሪፐብሊካኑ ዕጩ ቦብ ዶል ሳንዲያጎ ላይ፣ ድሮ የነበረችውን ጸጥተኛና የሚተማመኑባት አሜሪካ ለሚናፍቁ ድልድይ ልሁናችሁ አለ። 73 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ 50 ዓመት የሞላው ቢል ክሊንተን ቺካጎ ላይ ቆመ። ወደ ኋላ የሚወስድ ድልድይ አያስፈልገንም፤ ወደ 21ኛው ክፍለ ዘመን የሚወስድ እንገንባ አለ። በዚያ ንግግር ዶል አርጅቷል አላለም። ድልድዩ ተናገረለት። ከዚያ በኋላ በየመድረኩ ደጋገመው፤ ድልድዩ ዶል የጀመረው መሆኑን ያስታወሰ ጥቂት ሰው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሥዕሉን ትቶ ቁጥር መጥራት ነው። አዳራሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ደረጃ 8፦ ሰው ላይ ሲያርፍ ቁሙ

ወንጀል አውሬ ሲባል እንከራከራለን። ሰዎች አውሬ ሲባሉ ግን ጨዋታው ተቀይሯል። ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 ቱትሲዎች በሬዲዮ «በረሮ» ይባሉ ነበር። በረሮ ላይ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ዘይቤው መደምደሚያውን ይዞት መጥቷል።

እኛም ቤት በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አነጋገር ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ንግግር ወጥቶ በየአፉ ገባ። ስለ ዘራፊ ባለሥልጣናት የተባለ ነው ቢባልም፣ ከመድረክ ከወረደ በኋላ በትግራይ ተወላጆች ላይ የሚወረወር ስድብ ሆነ። ስለዚህ ዓምዶቹን ስትሞሉ በቀኝ በኩል የቆመው ፖሊሲ ነው፣ ተቋም ነው፣ ባለሥልጣን ነው ወይስ ሕዝብ? ሕዝብ ከሆነ፣ ወይም ነገ በቀላሉ ወደ ሕዝብ ሊንሸራተት የሚችል ከሆነ፣ ተናጋሪው የናንተ ሰው ቢሆንም ምልክት አድርጉበት።

ደረጃ 9፦ ቀይራችሁ ሞክሩት

የመጨረሻው ፈተና ነው። እኔ የፈጠርኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፤ ማንም አልተናገረውም። «ሀገራችን ታማለች። መድኃኒቱ መራራ ነው። ግን ሐኪም ያዘዘውን በሽተኛ አይመርጥም።»

ዓምዶቹ፦ ሐኪሙ ፓርቲው፣ በሽተኛው ዜጋው፣ መራራው መድኃኒት ለምሳሌ የነዳጅ ድጎማ መነሳት። የተደበቀው፦ ማን መረመረ? ሌላ ሐኪም ማማከርስ አይቻልም? መራራውን ሐኪሙም ይቀምሰዋል ወይ?

አሁን ዘይቤውን ቀይሩ። ያው ፖሊሲ በመንገድ ቢነገር «ዳገቱን አብረን እንውጣ» ይሆናል። ተናጋሪው ከላይ የሚያዝ መሆኑ ቀርቶ አብሮ የሚያለከልክ ሆነ። በቤት ቢነገር «ጣሪያው ያፈሳል፣ እንጠግን»። ወዲያው የጥገናው ወጪ በማን ይውጣ የሚል ጥያቄ መጣ። ሐኪሙ ጋ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ተናጋሪው ከሦስቱ በሽታን ለምን እንደመረጠ አሁን ታያላችሁ።

ከዚያ ዘይቤውን አውልቁትና በደረቅ ቋንቋ ጻፉት። «ድጎማ እናነሳለን፤ ዋጋ ይጨምራል፤ አትቃወሙን።» እዚህ ላይ የሚቀር ሐሳብ ካለ በሐሳቡ ተከራከሩ። ምንም ካልቀረ ንግግሩ ባዶ ነበር። ሲቀር የሚያስደስትም አለ። ለዴሞክራቶች ዕጩነት የተወዳደረው ጄሲ ጃክሰን በሐምሌ 1988 አትላንታ ላይ አያቱ ብርድ ልብስ መግዣ ሲያጡ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ሱፍም ሐርም ጆንያም፣ ሰፍተው እንዳለበሷቸው ተናገረ። ከዚያ ለሠራተኛው፣ ለገበሬው፣ ለተማሪው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ግን ያንተ ቁራጭ ብቻዋን አትበቃም አላቸው። ዘይቤውን ብታወልቁት «ተባብራችሁ ካልሆነ አብላጫ ድምፅ የላችሁም» ይቀራል። ሙሉ የፖለቲካ ሐሳብ ነው፤ ልትቃወሙትም ትችላላችሁ።

ልምምድ

በክሊንተን 1996 ጀምሩ። አንድ ሥዕል ነው፣ ይደጋገማል፣ ለማስመር ይቀላል። ቀጥሎ የጃክሰን ብርድ ልብስ፣ ከዚያ የኩሞ ሁለት ከተሞች። የዴሞክራቱ ፖለቲከኛ የዊልያም ጄኒንግስ ብራያን የሐምሌ 1896 ንግግር ለኋላ ይቆይ፤ የሰው ልጅ በወርቅ መስቀል ላይ አይሰቀልም ብሎ የጨረሰው ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ስለሆነ፣ ገንዘቡ በወርቅ ብቻ ይደገፍ ወይስ በብር ማዕድንም የሚለውን ክርክር ሳታውቁ ቀኙን ዓምድ መሙላት አትችሉም። የአማርኛ ንግግር ከዚህ በኋላ ያዙ። ያረጁት ቃላት በራስ ቋንቋ ሲሆኑ ለዓይን ያስቸግራሉና ሁለቱን ቀለም አትተዉ። የምትደግፉት ተወዳዳሪ ንግግር ላይ ስትደርሱ ደግሞ ብዕሩን ለማይደግፈው ጓደኛችሁ ስጡትና እሱ ያስምር።